የኮሶ ችግኞች ጾም

ደብረ ታቦር ችግኝ ጣቢያ የገባሁ ዕለት የሰጡኝ ሥራ አፈር መንፋት ነበር። የጫካ አፈር፣ ፍግና አሸዋ ቀላቅዬ በወንፊት እነፋለሁ፤ የተነፋውን በጥቁር ፕላስቲክ እሞላለሁ፤ የተሞላውን መደብ ላይ አሰልፋለሁ። የቀን ሠራተኛ ነኝ። ከእኔ በላይ ፎርማን አለ፣ ከፎርማኑ በላይ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ጥላሁን አሉ። ከእኔ በታች ያለው አፈሩ ብቻ ነው።

ረፋድ ላይ አቶ ጥላሁን መጡ። ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ኪሳቸው ሁልጊዜ በሲባጎና በላስቲክ የተወጠረ ሰው ናቸው። ከቢሮው ጎን ካለው ዋንዛ አንድ ቅርንጫፍ ሳብ አድርገው ንጹህ ፌስታል አለበሱትና አፉን በሲባጎ አጥብቀው አሰሩት።

"አዲሷ፣ ምን ያደረግሁ ይመስልሻል?"

"ከወፍ እየጠበቁት ነው?"

"ከምሳ በኋላ ነይና እይው" ብለውኝ ሄዱ።

ከምሳ በኋላ ፌስታሉ ውስጡ ጉም ለብሷል፤ ጥጉ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ ተጠራቅሟል። አዲስ ሠራተኛ ላይ የሚቀልዱ መስሎኝ ዞር ብዬ ሴቶቹን አየኋቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ይስቃሉ።

"ማን ነው ውሃ የጨመረበት?" አልኩ።

"ማንም አልጨመረበትም። ዛፉ ራሱ ነው ያላበው" አሉ አቶ ጥላሁን። አንድ ቅጠል ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። "እዚህ ጋ ዓይንሽ የማያየው አፍ ሞልቶታል። ከሥሩ የሚጠጣውን ውሃ አብዛኛውን በዚህ በኩል ነው የሚያተነው።"

"ታዲያ አይዘጋውም?"

"ይዘጋዋል እንጂ! ግን አየሩንም የሚያገኘው በዚያው አፍ ነው፤ ያለ አየር ምግብ አይሠራም። ከፍቶ ሲውል ይጠማል፤ ዘግቶ ሲውል ይራባል። የኛ ሥራ እንግዲህ በዚህ መሐል ነው።"

ማታ ቤት ገብቼ ይህን ለባለቤቴ ስነግረው "የሽ፣ ዛፍ አላበው ብለሽ ነው ሥራ ፈትተሽ የዋልሽው?" አለኝ። በማግስቱ የጓሯችንን የጌሾ ቅርንጫፍ ፌስታል አለበስኩለት። ማታ ፌስታሉን ራሱ ፈትቶ ውሃውን በጣቱ ቀመሰው።

ፎርማን የሆንኩት ብዙ አፈር ከነፋሁ በኋላ ነው። ፎርማን ማለት መደቡን በጠዋት ዞሮ የሚያይ፣ ማን ምን እንደሚሠራ የሚያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውሃውን ነገር የሚቆጣጠር ሰው ነው። ችግኝ የሚሞተው በጥም ብቻ የሚመስለው ሰው ጣቢያ ውስጥ ውሎ አያውቅም። በምቾትም ይሞታል።

ከሥራችን ሁሉ እኔ የምወደው፣ ሰው ደግሞ የሚጠላብኝ፣ ማጠንከር የምንለውን ነው። ችግኙ ሊተከል ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የሣር ጥላውን በየተራ እናነሣለን። ፕላስቲኩን ብድግ እያደረግን ወደ መሬት የሾለከውን ሥር በመቀስ እንቆርጣለን። ውሃውን እናሳሳለን። ጥላ ሥር እየጠጣ ያደገ ችግኝ ቅጠሉ ስስ ነው፤ አፉን መግጠምም አልለመደም፤ ቀኑን ሙሉ ወለል አድርጎ ከፍቶ ይውላል። ጣቢያ ውስጥ እስካለ ያምርበታል። ጉና ተራራ ላይ ሲወጣ ግን ጉዱ ይፈላል። ሰው ጉናን በብርዱ ያማዋል፤ እኔ የምፈራው ንፋሱን ነው። ንፋሱ ከቅጠሉ ላይ ውሃውን ይልሰዋል፤ አዲስ የተተከለ ሥር ደግሞ የሄደውን ያህል ቶሎ መተካት አይችልም።

በማጠንከሪያው ወራት ጣቢያችንን የሚጎበኝ ሰው ሁሉ ይቆጣኛል። "ምነው አንች፣ እነዚህን ምስኪኖች በውሃ ጥም ገደልሻቸው እኮ!" ይሉኛል። ከጋፋት በኩል ለገበያ የሚመጡ እናቶች አጥሩ ላይ ተደግፈው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔም ቁጡ ስለሆንኩ "እንግዲያስ ወስዳችሁ አዝሏቸው!" እላለሁ። እንሳሳቃለን። ለደብረ ታቦር ሰው ለተጠማ ውሃ መንፈግ ከባድ ነገር ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ማስተዋል ጣቢያችን ለሥራ የገባችው አቶ ጥላሁን ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ከጉና ሥር የተወለደች፣ ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ልጅ ናት። ሳቂታ ናት፤ ስትሠራ ግን አፏን አትከፍትም። እናቷ "ሁለተኛ ባሕር ተሻግረሽ ብትሄጅ ሬሳዬን ነው የምታገኚ" ብለዋታል። ደላላው ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለ "ቪዛሽ ዝግጁ ነው፤ ወስኚ" ይላታል። ልጅቱ የራሷን ችግኝ ጣቢያ ማቋቋም ፈልጋለች፤ መሬት ግን የላትም።

መሬቱ ያለው የመንደሯ የሥላሴ ደብር ዘንድ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፎች አርጅተው ወድቀው፣ ቅጥሩ ራሱን እንደተላጨ ሰው ሆኖ ቀርቷል። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሁላችንም አለቃ የምንላቸው ቄስ፣ ሰበካ ጉባኤውን ሰብስበው ከማስተዋል ጋር ተስማሙ። ቅጥሩን በኮሶ ታለብሳለች፤ ችግኙ ከያዘ ምንጩ ዳር ያለውን የደብሩን መሬት ለችግኝ ማፍያ ይሰጧታል። ካልያዘ ግን ነገሩ ቀረ። "ከዚያማ ደላላው አለልኝ" አለችኝ እየሳቀች። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

አቶ ጥላሁን ጣቢያው ውስጥ ከበሩ አጠገብ ጀምሮ መደብ ሰጧት። ኮሶውን ከዘሩ ጀምራ አፈላችው። ያን የመሰለ ኮሶ አይቼ አላውቅም። ጠዋት መጥታ አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ ሴቶቹ "ልጆችሽ እንዴት አደሩ?" ይሏታል።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ያን ዓመት ዘግይቶ ነበር፤ ለማጠንከር የተመቸ ነው። ጥላውን አነሣን፤ ውሃውን አሳሳን። ማስተዋል ለዘበኛችን ለአያ ሙጨ ነገሩን ማስረዳት ነበረባት። አያ ሙጨ በዕድሜ የገፉ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ አንዲት ቅጠል ብትወድቅ ለምን ወደቀች የሚሉ ሰው ናቸው። ጎጇቸው ከበሩ ጎን ነው። ወቅቱ የሰኔ ጾም ስለሆነ ማስተዋል አጭሩን መንገድ መረጠች።

"አያ ሙጨ፣ ችግኞቹ ጾም ይዘዋል። እኛ ካልሰጠናቸው በቀር ውሃ እንዳያጠጡብኝ፤ አደራ።"

"ጾም? እሽ" አሉ አያ ሙጨ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሳምንት አለፈ። በጠዋት ዞሬ ሳይ የሩቁ መደብ ችግኞች እንደሚገባቸው ጠንከር፣ ጠቆር ብለዋል። ከበሩ አጠገብ ያሉት ግን ለምለም ናቸው፤ ቁመታቸው ዘልሏል፤ ቅጠላቸው ሲነኩት እንደ ሕፃን ጆሮ ይለሰልሳል። አንዱን ፕላስቲክ አነሣሁት። ከበደኝ። አፈሩ ርሷል።

ሴቶቹን ጠየቅሁ፤ ማንም አላጠጣም። ማስተዋልን ጠየቅሁ፤ ደነገጠች። በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ እኔ ከበሩ ሳልርቅ ተመለስኩ። አያ ሙጨ ጣሳ ይዘው ጎንበስ ብለው በመደቡ መሐል ይሄዳሉ። ለአንዱ ጠብ፣ ለአንዱ ጠብ። "ጠጡ፣ የኔ ልጆች፤ ጠጡ" ይላሉ።

"አያ ሙጨ! ምን እያደረጉ ነው?"

ቀና አሉ እንጂ ጨርሶ አልደነገጡም።

"አንች የሽ፣ መጣሽ? እኔም ልነግርሽ ነበር። ይች ልጅ ጾም ይዘዋል አለችኝ። አሰብኩት፣ አሰብኩት። ዓመት እንኳ ያልሞላቸው አይደሉም እንዴ? በየትኛው ሥርዓት ነው ሕፃን የሚጾመው? ሕፃን አይጾምም!"

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ የመጣው ግን ሳቅ ነው። መደቡ ዳር ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። አያ ሙጨ ምን እንደሚያስቅ አልገባቸውም። ማስተዋል ስትመጣና ስትሰማ ግን አልሳቀችም። ከበሩ አጠገብ ያለው መደብ የችግኟ እኩሌታ ነው። ጣሳውን ከእጃቸው ተቀብላ ያዘችና "እኔ ነኝ ጾም ያልኩት" አለች። ሳቄ ወዲያው ጠፋ።

አያ ሙጨን በቃል ማሳመን አልቻልንም። ቅጠል አፍ አለው ስላቸው "አፍ ካለውማ እንዴት ውሃ ይነፈጋል?" አሉኝ። ጎረቤቴ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ነገሩን ባጫውታት "ጥርት ያለ የጥፍር ቀለም ካላችሁ እናሳያቸዋለን" አለች። ማስተዋል ከኩዌት ያመጣችው አንድ ጠርሙስ ነበራት። የኮሶ ቅጠል ጀርባው ጠጉር ስላለው ቀለሙ አይላቀቅም፤ ስለዚህ ጎመን መረጥን። አንዱ በደንብ የጠጣ ጎመን ነው፤ ሌላው በውሃ እጦት ጠውልጓል። ቅጠሎቹን ሳንበጥስ ጀርባቸውን ቀለም ቀባናቸው። ሲደርቅ የአፎቹ ቅርጽ ታትሞበት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ላጥነውና ወደ ትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ወሰድነው።

አያ ሙጨ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። አንድ ዓይናቸውን መጨፈን ስላልቻሉ በእጃቸው ሸፈኑት።

"በስመ አብ! ከንፈር ነው እኮ ይኸ!"

"ስንት ነው ያዩት?" አለች መምህርቷ።

"ማን ይቆጥረዋል፣ ልጄ! ሁሉም አፉን ከፍቷል።"

የጠወለገውን አስገባችላቸው። ደግመው የመጀመሪያውን፣ ደግመው ሁለተኛውን አዩ።

"ይኸኛው ገጥሟል" አሉ በመጨረሻ። "ውሃው እንዳይወጣበት ገጥሟል። የሽ፣ እኔ ከፍተው እንዲውሉ ነዋ ያስለመድኳቸው?"

"አዎ፣ አያ ሙጨ።"

"ይኸን ቀድማችሁ ብታሳዩኝ ምን ነበረበት!" ብለው ተቆጡን። ልክ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ የያዘ ሰው በበሩ አያልፍም፤ የራሳችንን የመጠጥ ውሃ ሳይቀር "ወዴት ነው?" ይሉ ጀመር።

አሁን ጭንቁ የለመለመው እኩሌታ ነው። የመትከያው ቀን የተቆረጠ ነው፤ የሐምሌ ሥላሴ ማግስት። በበዓሉ አፈር አይነካም፤ በማግስቱ ግን ለንግሥ የመጣው ሕዝብ ሁሉ ዶማውን ይዞ ይቆያል። ሌላ ቀን ያን ያህል ሰው አይገኝም። ለማጠንከር የቀረው ጊዜ አይበቃም።

"የለመለሙትን ለከርሞ አቆዩአቸው" አሉ አቶ ጥላሁን።

"ለከርሞ እኔ ኩዌት የሰው ሳህን እያጠብኩ ነው" አለች ማስተዋል።

እኔ ገባሁበት። "ቅጠሉን እንቀንሰው። አፉን መግጠም ካልለመደ፣ አፉን እናሳንስለታ።"

አቶ ጥላሁን አሰቡ። ሲባጎ ከኪሳቸው አውጥተው በጣታቸው ላይ ጠመጠሙ። ከዚያ "ጫፉን እንዳትነኩ። የታችኞቹን አውርዱ፤ የላይኞቹን እኩሌታ ቁረጡ። ይሞከር" አሉ።

በበዓሉ ዋዜማ ስንቆርጥ ዋልን። ማስተዋል የገዛ ልጆቿን ጸጉር እንደምትላጭ ሆና በመቀስ ትቆርጣለች፤ አያ ሙጨ ከኋላዋ እየሄዱ "እዚህ ጋ አበዛሽው፣ እዚህ ጋ አሳነስሽው" ይላሉ።

በበዓሉ ማግስት ችግኙን በአይሱዙ እስከ መንገዱ ማለቂያ፣ ከዚያ በበቅሎ አወጣነው። ሕዝቡ ቅጥሩን ሞልቶ ይጠብቃል። የጠነከሩትን ሲያዩ እልል አሉ። የተቆረጡት ሲወርዱ ግን እልልታው ቆመ።

"ምነው ተላጩ? ሐዘን ላይ ናቸው?" አለች አንዲት ሴት።

"ለሥላሴ ይኸ ይመጣል?" አለች ሌላዋ።

አለቃ መጥተው አንዱን አነሡ። "ማስተዋል ልጄ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ነገር ምሉዕ ነው፤ ነውር የሌለበት።" ድምፃቸው የቁጣ አይደለም። የቅሬታ ነው፤ እሱ ይብሳል።

ይህን ጊዜ አያ ሙጨ ብድግ አሉ። "አባቴ፣ እኔ ከንፈሩን በዓይኔ አይቻለሁ!"

"የምኑን ከንፈር?"

"የጎመኑን!"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አያ ሙጨ ግን አልተበገሩም፤ ዶማ ተደግፈው ከንፈሩን፣ ላቡን፣ የጉናን ንፋስ፣ የራሳቸውን ጣሳ ሳይቀር ዘርዝረው አስረዱ። እኔ ከዚያ የተሻለ አስረድቼ አላውቅም። አለቃ ፈገግ ብለው ሰሙ። "እሽ፣ ይተከሉ። ለበሩ ግራና ቀኝ ግን ያልተነካ ስጡኝ፤ በር ላይ የተላጨ አይቆምም" አሉ። ከለመለሙት ውስጥ መቀስ ያልደረሰባቸው ጥቂት ቀርተው ነበር። በሩ ላይ ተተከሉ። አማሩ።

ሳምንት ሳይሞላ ዝናቡ ጥርግ ብሎ ጠፋ። በሐምሌ! ሰማዩ ጠራ፤ ንፋሱ ከጉና ወረደ። ማስተዋል በየቀኑ ትደውላለች። "እትዬ የሽ፣ ዛሬም ደመና የለም።" ምንጩ ታች ነው፤ ያን ሁሉ ችግኝ በጀሪካን ተሸክሞ ማጠጣት አይቻልም። "ቀን ላይ ቢያንቀላፉ አትደንግጪ፤ ጠዋት ቀና ማለታቸውን እይ" አልኳት። እኔ ራሴ ግን ሌሊት እየወጣሁ ሰማዩን አያለሁ። ደላላው ለነሐሴ መጨረሻ ቀጥሯታል።

ዝናቡ ተመልሶ፣ ፍልሰታም ተፈትቶ፣ አቶ ጥላሁን፣ አያ ሙጨና እኔ ወጣን። ማስተዋል መያዝ አለመያዙን እኛው አይተን እንድንፈርድ ብላ በስልክ አልነገረችንም። ቅጥሩ በር ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ያየነው እነዚያን ያማሩትን ነው። ደርቀዋል። ቅጠላቸው ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። አያ ሙጨ አማተቡ።

ወደ ውስጥ ገባን። የጠነከሩት ቆመዋል። ወደ ተላጩት ሄድኩና አንዱ ሥር ተንበረከክሁ። ከጫፉ ላይ አዲስ ቅጠል፣ ገና ያልተፈታ፣ ነጭ ጠጉር የለበሰ፣ ብቅ ብሏል። ቀጥሎ ያለውም አውጥቷል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። እዚህም እዚያም የሞተ አለ፤ የሚበዛው ግን ይዟል። "ይዟል! ይዟል!" እያልኩ ስጮህ አቶ ጥላሁን፣ ያ ሁሉ ዝግታቸው ጠፍቶ፣ በመደዳው መሐል ሲሮጡ አየኋቸው።

አለቃ ከማስተዋልና ከእናቷ ጋር መጡ። የደረቁትን አዩ፤ የተላጩትን አዩ።

"ምሉዕ ይሁን አልኩ፤ ምሉዕ ሆኖ ደረቀ" አሉና ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ወደ ማስተዋል ዞሩ። "ምንጩ ዳር ያለው መሬት ያንችው ነው። ለበሩ ግን ሌላ አምጭልኝ። ተላጭቶም ቢሆን።"

እናቷ እልል አሉ። እልልታው ሳያልቅ የማስተዋል ስልክ ጮኸ። አየችውና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። "አልሄድም፣ ወንድሜ። ለሌላ ሰው ስጠው" አለችና ዘጋች። እናቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። እኔም አለቀስኩ፤ አያ ሙጨም አለቀሱ፤ አቶ ጥላሁን አፍንጫቸውን በሲባጎ ሊጠርጉ ምንም አልቀራቸውም።

ዛሬ እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ለወጣት ባልደረቦቼ ያለኝ ይኸው ነው። ችግኝ ከጣቢያ ከመውጣቱ በፊት ጥላው ይነሣ፤ ውሃው ይሳሳ። መጠንከር ያልደረሰለት ቅጠሉ ይቀነስ። ምክንያቱንም ችግኙን ለሚጠብቀው ሰው አስቀድማችሁ በዓይኑ አሳዩት።